ሳይፈቀድልኝ የቀመስኩት ጭኮ

ባሌ ደርሼ መምጣቴን የሰማ ሁሉ ስለ ቀይ ቀበሮ ይጠይቀኛል። ቀይ ቀበሮ አላየሁም። ሰነቴ አምባ አልወጣሁም፣ የሐረናን ጫካ አልረገጥኩም፣ ፏፏቴ ፊት ቆሜም ፎቶ አልተነሣሁም። አምስት ቀን ሙሉ ያየሁት በአብዛኛው የሰው ሳሎንና የሰው ገበታ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ተራራ ሊያይ ለሚሄድ ሰው አይደለም። ከቤቱ የትም ለማይሄድ፣ ግን የሄዱት ሰዎች ምን እንደበሉ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

የሄድኩት ለሽምግልና ነው። የእህቴ የብርሃኔ አንድያ ልጅ ዮናስ አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እኔ እጅ ላይ አደገ ማለት ይቻላል። ሮቤ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሲመለስ ዲግሪውን በእጁ፣ ሰናይት የምትባል የጎባ ልጅ ደግሞ በልቡ ይዞ መጣ። ሥራ እስኪይዝና ቤት እስኪከራይ ጠበቀ። በመጨረሻ እህቴ አንድ እሑድ መጥታ፣ "ኃይሉ፣ ልጁ መክሳት ጀምሯል፤ ሽማግሌ ይሂድልኝ" አለችኝ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ሆኑ። ጋሽ ታደሰ የሄዱበት ሽምግልና እምቢ ተብሎ አያውቅም ይባላል፤ ይህን የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው እኔ ነኝ። እኔን ያስመረጠኝ የንግግር ችሎታ ሳይሆን የሥጋ ዝምድና ነው። ሦስተኛው ሮቤ የሚጠብቁን አቶ ገመቹ ናቸው። የዮናስ አባት የሥራ ባልደረባ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሆዳም አይደለሁም። ገበታ ላይ ከእኔ የበለጠ የሚበላ ሰው ሞልቷል። የእኔ ድክመት ከምግብ በፊት ያለችው ሰዓት ናት። ምሳ እስኪቀርብ መቆያ ተብላ የምትመጣ ነገር፣ ቆሎም ትሁን ቁራሽ ዳቦ፣ ፊቴ ከተቀመጠች እጄ እኔን ሳያማክር ይሄዳል። ባለቤቴ በዚህ ምክንያት ለቅሶ ቤት ስንሄድ ከጠረጴዛ ርቄ እንድቀመጥ ታደርጋለች።

ሐሙስ

ገና ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ ተነሣን። አውቶቡሱ አዳማን አልፎ ወደ አሰላ ሲያቀና ጋሽ ታደሰ የሽምግልናውን ሕግ አነበቡልኝ። አነበቡልኝ የምለው በእርግጥም ወረቀት ላይ ጽፈውት ስለነበር ነው።

"አንደኛ፣ እኔ ስናገር አንተ ዝም ትላለህ። ሁለተኛ፣ እኔ ዝም ስል አንተም ዝም ትላለህ። ሦስተኛ፣ ይህኛው ዋናው ነው፤ እሺ እስኪሉን ድረስ በቤታቸው ውሃ እንኳ አንቀምስም። ሽማግሌ የሚፈራው ስለማይበላ ነው። ምግቡ ቀርቦ፣ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አልቀምስም ሲል የቤቱ ጌታ ይጨነቃል። ጭንቀቱ ነው ልጅቷን የሚያሰጠን።"

"ገባኝ" አልኩ። ይህን ስል ከጎኔ ከተቀመጠች እናት የተቀበልኩትን ቆሎ እየቆረጠምኩ ነበር።

አዳባን እንዳለፍን የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ። አዲስ አበባ ቢሆን ጎማ ሲፈነዳ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ለማያውቀው አለቃ ማማረር ይጀምራል። እዚያ ግን ሰው ወርዶ መንገድ ዳር ተቀመጠ፤ ግራ ቀኙ እስከ ሰማይ ጥግ ስንዴ ነው። ከማሳው ውስጥ ሁለት ሴቶች የባቄላ እሸት ታቅፈው መጡ። የሚሸጡ መስሎኝ ኪሴን ስዳብስ አንደኛዋ ሣቀችና በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለች። ረዳቱ ተረጎመልኝ። "መኪናው እስኪሠራ መቆያ ነው፤ እንግዳ ናችሁ" ነው የምትለው አለኝ። ጎማው ተቀይሮ ሲያልቅ እኔ ከእሸቱ አላለቅኩም ነበር። ዲንሾ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ "አጋዘን! አጋዘን!" እያለ ወደ መስኮት ሲጋፋ፣ እኔ ቀና ስል የአንዱን አጋዘን ቂጥ ብቻ አየሁ። ጭኔ ላይ ያለው ልጣጭ እንዳይፈስ ስለፈራሁ ብድግ ማለት አልቻልኩም።

ሮቤ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ብርዱ ከአዲስ አበባ ብርድ ይለያል፤ የእኛው ብርድ ሰውን ይነካል፣ የሮቤው ግን ሰው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ባጃጅና የፈረስ ጋሪ እኩል የሚጋፉበትን አስፋልት ተሻግረን አቶ ገመቹ ቤት ገባን። ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ እጃቸውን ዘርግተው "አካም ጅርቱ? ነጋ ዳ?" እያሉ የሚስሙ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ ገና ካልሲያችንን ሳናሞቅ "ትንሽ ነገር ቅመሱ" አሉን።

ትንሹ ነገር ሲመጣ በአንድ ሰው አልተያዘም። መጀመሪያ በማንኪያ የሚቆረጥ እርጎ በቅል ቀረበ። ቀጥሎ የገብስ ቂጣ ሪራ ከሚባለው የጫካ መንደር ከመጣ ማር ጋር። ከዚያ በአነስተኛ የእንጨት ሳህን ላይ፣ አናቱ በማንኪያ የተደለደለ፣ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ተቀመጠ።

"ይሄ ጭኮ ነው" አሉኝ አቶ ገመቹ። "ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በንጥር ቅቤ ይታሻል። ባሌ መጥቶ ጭኮ ያልቀመሰ ሰው አልመጣም ነው የሚባለው።"

ቀመስኩ። ስለ ጭኮ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ ሆቴሎች አፒታይዘር ብለው በትልቅ ሳህን መሐል የሚያስቀምጧት የአውራ ጣት ታህል ነገር አለች። ስሟ ሁለት መስመር ይሞላል፤ እሷ ግን አንድ ጥርስ አትሞላም። እዚህ ደግሞ ምግቡ ስሙ "ትንሽ ነገር" ነው፣ ሦስት ሰው ያጠግባል። በጥጋብ ወደ ኋላ ደገፍ ብዬ "እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጥሩ እራት ነበር" አልኩ። ወይዘሮ ጫልቱ ደነገጡ። እራቱ ገና ከወጥ ቤት አልወጣም ነበር። ሲወጣ ሙሉ ዶሮ ነበር፤ እንዴት እንደበላሁት ለመጻፍ አቅም የለኝም።

ዓርብ

የሴቷ ቤተሰብ የቀጠሩን ለቅዳሜ ስለነበር ዓርብ ሥራ ፈት ሆንን። አቶ ገመቹ ከተማውን አሳዩን፤ ገበያውን፣ መሥሪያ ቤቶቹን፣ ዮናስ ከሰናይት ጋር ሲመላለስ ታይቷል የሚባልበትን መንገድ። ቀትር ላይ አዲስ የተከፈተ ሆቴል አስገቡን። እኔና ጋሽ ታደሰ ጿሚዎች ነን፤ አቶ ገመቹ ፕሮቴስታንት ስለሆኑ ዓርብ አይጾሙም፣ ግን ለእኛ ብለው "እኔም ዛሬ ጾም ይዣለሁ" አሉ።

የምግቡን ዝርዝር ስገልጥ አናቱ ላይ በትልልቅ ፊደል "አፒታይዘር" ይላል። እዚህም ደርሰሻል ወይ አልኩ በልቤ። አስተናጋጇን፣ ሐዊ ትባላለች፣ ሆን ብዬ ጠየቅኳት።

"አፒታይዘር ምንድን ነው?"

ወረቀቷን ደረቷ ላይ አድርጋ አሰበች። "ጋሼ፣ ምግቡ እስኪደርስ ደንበኛው ተነሥቶ እንዳይሄድ የምንሰጠው ነው" አለችኝ።

ስንት ዓመት የሆቴል ማብራሪያ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ እውነተኛ መልስ አልሰማሁም። የአትክልት ሾርባ አዘዝን። ጠበቅን። ሽሮው መጣ፣ ተበላ፣ ሳህኑ ተነሣ። እጃችንን ታጥበን ስንመለስ ሾርባው ጠረጴዛው ላይ እየተነነ ነበር።

"የኔ ልጅ፣ ይህ እኮ ቀድሞ ነው የሚመጣው" አሏት ጋሽ ታደሰ፣ ፍርድ ቤት የቆሙ ይመስል።

"አውቃለሁ ጋሼ" አለች ሐዊ። "ዞሮ ዞሮ ሁለቱም የሚሄዱት አንድ ቦታ ነው።"

ጋሽ ታደሰ ሾርባውን ወደ ጎን ገፉት። ልጅቷ ግን ሳታዝንልን አልቀረችም፤ ከወጥ ቤት ተመልሳ ሠራተኞቹ ለራሳቸው የቀቀሉትን የስንዴና የባቄላ ንፍሮ በትንሽ ሳህን አምጥታ ፊታችን አኖረች። "ይሄ የትኛው ክፍል ነው የሚገባው? አፒታይዘር?" አልኳት። "አይ፣ ይሄማ ዝም ብሎ ነው" አለችኝ። የዚያን ቀን ምርጡ ምግብ ዝም ብሎ የመጣው ነበር።

ቅዳሜ

ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መብራት እስኪለቅ የምንጠብቀውን ያህል ጊዜ ነው የሚፈጀው። ጎባ ከሮቤ ከፍ ትላለች፤ ጥዶቿ ያረጁ፣ ቆርቆሮዎቿ የዛጉ፣ ሰዎቿ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ናቸው። የሰናይት አባት ጋሽ ደምሴ ከጎባ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ ለብዙ ዓመት ሲጠርጉ የኖሩ የግሬደር ሹፌር ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ሌላው ሰው የሠርግ ፎቶ በሚሰቅልበት ቦታ የቢጫ ግሬደር ፎቶ ተሰቅሏል።

ገብተን ቆምን። ጋሽ ደምሴ አጭር፣ ደንዳና፣ ሲያዩ ዓይናቸውን የማይሰብሩ ሰው ናቸው። "ተቀመጡ" አሉን።

"ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው" አሉ ጋሽ ታደሰ። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

"መቀመጥ መብላት አይደለም። ቁጭ ብላችሁ ተናገሩ።"

ተቀመጥን። ጋሽ ታደሰ ከእግዚአብሔር ስም ጀምረው፣ በአብርሃምና በሣራ አልፈው፣ በዮናስ ዘር ማንዘር ተጉዘው፣ "ልጃችሁን ለልጃችን" እስከሚለው ድረስ ያለ እንከን ተናገሩ። በመሐል የቤቱ እመቤት እትዬ አስካለ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ገብተው ጠረጴዛው ላይ ቆሎ፣ የድፎ ዳቦ ቁራሽ፣ ማርና ጭኮ አስቀመጡ። ጭኮው በእኔ በኩል ነበር።

ጋሽ ደምሴ ሰምተው ጨረሱ። "ሰምቻለሁ" አሉ። "ትንሽ ወጣ ብዬ ልምጣ።" ወጡ።

ቆዩ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይመታል። ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጸልዩ ይመስላሉ። አቶ ገመቹ የግሬደሩን ፎቶ ያጠናሉ። እኔ ጭኮውን አየዋለሁ። የወይዘሮ ጫልቱ ጭኮ ጥሩ ነበር፤ ይህኛው ግን ቅቤው ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ልዩነቱን ማወቅ፣ እንደ አንድ የሩቅ አገር መንገደኛ፣ ግዴታዬ መሰለኝ። ከዳር ትንሽ ብቆርጥ ማን ያውቃል አልኩ። ትንሽ ልቆርጥ የሄደችው እጄ ብዙ ይዛ ተመለሰች። የሚታይ እንዳይቀር በእጄ የያዝኩትን ሁሉ አንድ ጊዜ ጎረስኩት።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ደምሴ ገብተው በቀጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"እርስዎ አጎቱ ነዎት አሉኝ።"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"እኔ ዘር አልጠይቅም፤ ዘሩን ጋሽ ታደሰ ነግረውኛል። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ጭኮ እንደ ዳቦ አይደለም፤ አይዋጥም። ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ምላሴን ብልከው ምላሴም ተያዘ። ጋሽ ደምሴ ይጠብቃሉ። ጋሽ ታደሰ መጀመሪያ ቃል የምመርጥ መስሏቸው በኩራት አዩኝ፤ ቀጥሎ ጉንጬን አዩ፤ ቀጥሎ ሳህኑን አዩ። የጭኮው ጫፍ ላይ የሦስት ጣቶቼ ቅርጽ ቁጭ ብሏል።

"ጣፈጠዎት?" አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

ነቀነቅኩ። የዚያን ቀን የሰጠሁት ብቸኛው ምስክርነት ይህ ነው፤ ሐሰት ግን አልነበረበትም።

ጋሽ ደምሴ ወደ ጓዳ ዞረው "አስካለ! ምሳ አቅርቢ" አሉ። እሺ ያሉን መስሎኝ ደስ አለኝ። አቶ ገመቹ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የአገሩ ሰው ናቸውና ገብቷቸዋል።

"ሽማግሌ አይቀምስም" አሉ ጋሽ ደምሴ በትሕትና። "የሚቀምስ እንግዳ ነው። እንግዳ ከሆናችሁ ደግሞ እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ቤት ያፈራውን እንበላለን።"

እንደዚያ ቀን በደግነት ተደብድቤ አላውቅም። ዶሮ መጣ፣ ክትፎ መጣ፣ እርጎ መጣ። ጋሽ ታደሰ "ወደ ጉዳያችን ስንመለስ" ብለው አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ጋሽ ደምሴ ጉርሻ ያስገቡበታል። ሦስቴ ጀመሩ፣ ሦስቴ ጎረሱ። ሰናይት አንድ ጊዜ እንጀራ ልትጨምር ገብታ ወደ እኔ አየች። ቆንጆ ልጅ ናት፤ ዓይኗ ግን ቀልቶ ነበር። የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ስንወጣ ጋሽ ደምሴ እስከ መንገዱ ሸኝተው፣ ማር አስይዘው፣ "ሰላም ግቡ" አሉን። ስለ ጋብቻው እሺም እምቢም ያለ ሰው የለም።

ሚኒባስ ተሳፈርን። ጋሽ ታደሰ ማሩን ጭኔ ላይ አስቀመጡና "የእህትህን ልጅ ሚስት በዱቄት ሸጥካት" አሉኝ። አቶ ገመቹ ናቸው ያዘኑልኝ። "አንድ መንገድ አለ" አሉ። "ነገ ብቻዎን ደጃቸውን ይጥኑ። ሳይቀመጡ፣ ሳይገቡ፣ ሳይቀምሱ። ያበላሸ ሰው ሲክስ እዚህ አገር ይታይለታል።"

እሑድ

ጎባ ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ባዶ ሆዴን፣ የጋሽ ደምሴ አጥር በር ላይ ቆምኩ። ጋሽ ታደሰ አብረውኝ እስከ ሰፈሩ መጥተው "እኔ ተሸንፌ የተሸኘሁበት በር ላይ አልቆምም" ብለው ማዶ ካለው ሻይ ቤት ገቡ። ካለሁበት ሆኜ በመስኮቱ ሳምቡሳ ሲነክሱ አያቸዋለሁ። ሕጉ የሚሠራው በሴቷ ቤት እንጂ በሻይ ቤት እንዳልሆነ በኋላ አስረድተውኛል።

ጋሽ ደምሴ በመጋረጃው መሐል አዩኝና መጋረጃውን መለሱት።

ብርዱ ከጫማዬ ገብቶ ጉልበቴ ደረሰ። ጥቂት ቆይቶ እትዬ አስካለ ቆሎ በሳህን ይዘው ወጡ። "ምነው በብርድ! ይቅመሱ እንጂ፣ ይህቺን ብቻ!" አሉ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ "እንዳይነኩ! በመስኮት እያየ ነው" አሉኝ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አልቀምስም" አልኩ ጮክ ብዬ።

ቆሎው ገባ፣ ትኩስ ወተት ወጣ። "ኧረ በሞቴ!" ይላሉ ጮክ ብለው፤ "በርቱ፣ ሰናይት ሌሊቱን ስታለቅስ ነው ያደረችው" ይላሉ ዝቅ ብለው። ወተቱ ገባ። ሦስተኛ ላይ የወጣው ያው የትናንቱ ጭኮ ነበር፤ የጣቶቼ ቅርጽ እንዳለ ነው። ጨክነውብኝ ይሁን ሊረዱኝ አላወቅኩም። ፊቴን ወደ ጥዶቹ አዞርኩ። በሕይወቴ ፊቴ የመጣ መቆያ ሳልቀምሰው ሲመለስ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰው ቢያየኝ የምጸልይ ይመስለዋል፤ በእርግጥም ወደዚያ እየተጠጋሁ ነበር።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። አጠገቤ መጥተው እሳቸውም ቆሙ።

"ዛሬ አፍዎ ባዶ ነው?"

"ባዶ ነው።"

"እንግዲያው የሆነውን ልንገርዎ። ታላቋን ልጄን አዲስ አበባ ድሬአለሁ። ልጠይቃት ሄድኩ። የባሏ ቤተሰቦች ትልቅ ሆቴል ጋበዙኝ። ተቀመጥን። ትልቅ ነጭ ሳህን መጣ፤ መሐሉ ላይ ሦስት ጉርሻ የማይሞላ ነገር አለ። የአገሩ ምግብ ይህ ነው ብዬ በላሁ። መረቅኳቸው፣ 'ማዕዱን ያብዛላችሁ' ብዬ ተነሥቼ ኮፍያዬን አደረግኩ።" ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ። "ለካ ምግቡ ገና አልመጣም። ጠረጴዛው በሙሉ ሣቀ። ይሣቁ፤ እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ግን ልጄም አብራ ሣቀች።"

በዚህ ጊዜ አፌን የያዘው ጭኮ አልነበረም።

"እሷን አልተቀየምኳትም" አሉ። "የገባችበት አገር ነው ያስለመዳት። ሁለተኛዋም ሄዳ ይህን ሣቅ ትማራለች ብዬ ነው የፈራሁት። ለዚህ ነው የጠየቅኩዎት። ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ጋሽ ታደሰ ቢሆኑ ከአብርሃም ይጀምሩ ነበር። እኔ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"አምና አንድ ዘመዳችን በአዳራሽ ሠርግ ደገሰ" አልኳቸው። "ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ጠረጴዛው ላይ ከሐብሐብ የተቀረጸ ዳክዬ፣ ከቀይ ሥር የተቀረጸ አበባ ተደርድሯል። እኔ መቆያ መሰለኝ። አበባውን አንሥቼ ሳህኔ ላይ አድርጌ መጥቼ ተቀመጥኩ። ጥሬ ቀይ ሥር ነው፤ እየቆረጠምኩት ሳለ ሰው አየኝ። ጌጡን በላው ብለው ከዳር እስከ ዳር ሣቁ። ባለቤቴ ሳትቀር ሣቀች። የምገባበት ጠፋኝ። ዮናስ ከጓደኞቹ ጋር ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ተነሣ። ሰው ሁሉ እያየው ሄዶ የዳክዬውን አንገት ቆርጦ ሳህኑ ላይ አደረገና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ነከሰው። 'ጋሼ፣ የአንተው ይሻላል፤ ይሄ ውሃ ውሃ ይላል' አለኝ። ከዚያ በኋላ የሣቀ ሰው የለም።"

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንገቱን?" አሉ።

"አንገቱን።"

ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፤ የሚስቁ ይሁን የሚያለቅሱ አልለየሁም፤ ሲዞሩ ሁለቱም ነበር። ክንዴን ያዙ። "ይግቡ" አሉኝ። "ያንን ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰውዬም ይጥሩት፤ ከመጣ ጀምሮ ስንት ሳምቡሳ እንደበላ ስቆጥር ነው የቆየሁት።"

አቶ ገመቹ ከሮቤ እስኪደርሱ ጠበቅን፤ ሽማግሌ ሦስት ነውና። ጋሽ ታደሰ እንደገና ከእግዚአብሔር ስም ጀመሩ። አብርሃም ጋ ሲደርሱ ጋሽ ደምሴ አቋረጧቸው። "ልጅቷን ጠይቄአለሁ፤ መልሷን ከእናንተ በፊት አውቀዋለሁ። እኔም እሺ ብያለሁ" አሉ። እትዬ አስካለ ከጓዳ እልል አሉ። ሰናይት መጥታ ጉልበታችንን ሳመች፤ እኔ ጋ ስትደርስ "ጋሼ፣ እግርዎ በረዶ ሆኗል" አለችኝና የራሷን ነጠላ አምጥታ ጉልበቴ ላይ ጣለችልኝ።

ከመሄዳችን በፊት ጋሽ ደምሴ የዮናስን ስልክ ቁጥር ተቀበሉኝ። "ለልጁ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፤ አትቅደሙኝ" አሉ።

ሰኞ

ወይዘሮ ጫልቱ ለመንገድ ብለው የሰጡን ስንቅ ከሻንጣችን ይከብድ ነበር። አቶ ገመቹ መናኸሪያ ድረስ ሸኙን፤ "ገለቶማ" ስላቸው፣ አመሰግናለሁ ማለቴ ነው፣ "አነጋገርዎ የአገር ሰው መሰለ" ብለው አሞካሹኝ። ጋሽ ታደሰ የሄዱበት ሽምግልና እምቢ ተብሎ እንደማያውቅ ለአውቶቡሱ ረዳት ሲያስረዱ ሰማሁ፤ አላረምኳቸውም።

ዶዶላ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። ዮናስ ነው።

"ጋሼ፣ አባቷ ደወሉልኝ።"

"ምን አሉህ?"

"ምንም አልገባኝም። ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም። 'ስትመጣ ተርበህ ና' አሉኝና ዘጉት። ጋሼ፣ ይሄ ምን ማለት ነው? እሺ ነው እምቢ ነው?"

ከጀርባው የእህቴ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋለች።

"እሺ ነው ልጄ" አልኩት። "ከዚህ የበለጠ እሺ የለም።"

እህቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ከፊት የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ።